የክፉ ቀን እፎይታ ማንን አገኘ? ማንንስ ሳያገኝ አለፈ?

(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



ኮሚቴያችን ዛሬ አንድ ጉዳይ ይዞላችሁ ቀርቧል። ጉዳዩም በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ መንግሥት ለግለሰብም ለንግድ ቤትም ያደረገው የገንዘብ እፎይታ ለማን ደረሰ፣ ለማንስ ሳይደርስ ቀረ የሚል ነው። «ያለፈውን ማንሣት ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። የምናነሣው ሌላ ክፉ ቀን ቢመጣ ሰፈራችን ባዶ እጁን እንዳይጠብቀው ብለን ነው። በንግግሩ መጨረሻ ላይ በመጪው ወር ስብሰባ ድምፅ የምትሰጡበት ሐሳብ አለና እስከዚያው በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

እንደሚታወቀው በሽታው በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ታክሲ በግማሽ ሰው እንዲጭን ተደርጎ ሒሳቡ እጥፍ ሆነ። ለቅሶ እንደ ወጉ መድረስ ቀርቶ የእድራችን ድንኳን ተጠቅልሎ ተቀመጠ።

በዚያን ሰሞን ብዙዎቻችንን ያስጨነቀን የጓዳው ነገር ነበር። የሰፈራችን ሰው ኑሮው የዕለት ነው። ሻይ የምታፈላዋ፣ ጉሊት የምትቸረችረዋ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ጫማ ጠራጊው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የታክሲ ረዳቱ ዛሬ ካልወጡ ማታ ምድጃ አይነድም። «ከቤት አትውጡ» ማለት ደመወዝ ላለው ምክር ነው፤ ለሌለው ግን ጦም ማደር ነው።

ታዲያ መንግሥት ምን አደረገ? አንድ በአንድ እንየው።

አንደኛ፣ የግብር ጉዳይ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ባደረገው ስብሰባ እስከ 2007 ዓ.ም. የተጠራቀመ ውዝፍ የግብር ዕዳ ከነወለዱና ከነቅጣቱ እንዲሰረዝ ወሰነ። ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ላለው ዕዳ ደግሞ ወለዱና ቅጣቱ ተነሥቶ ዋናው ብቻ እንዲከፈል አደረገ። እንዲሁም በበሽታው ምክንያት ሥራው ቆሞበት ሳለ ለሠራተኞቹ ደመወዝ መክፈል ያላቋረጠ አሠሪ፣ ከደመወዝ ላይ ተቆርጦ ለመንግሥት የሚገባውን የሥራ ግብር ለአራት ወር እንዳይከፍል ተፈቀደለት።

ይህንን የመጨረሻውን በቁጥር እናስላው። አንድ ምግብ ቤት አሥር ሠራተኞች አሉት፤ ለእያንዳንዳቸው በወር 3,000 ብር ይከፍላል እንበል። በዚያን ጊዜ በነበረው የግብር መጠን በ3,000 ብር ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው 307 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። የአሥሩ ሲደመር በወር 3,075 ብር፣ በአራት ወር 12,300 ብር ይሆናል። 12,300 ብር ያኔ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ነገር ግን ባለቤቱ ይህችን 3,075 ብር ለማትረፍ በየወሩ 30,000 ብር ደመወዝ ማውጣት ነበረበት። ከአሥር ብር አንዷ ቀረችለት፤ ዘጠኟን ግን ከየት ያመጣል? በቂ ጥሪት ያለው ድርጅት በዚህ እፎይታ ተጠቀመ። ደንበኛው የጠፋበትና ኪስ የሌለው ቤት ግን በሩን ዘጋ።

ደግሞም ውዝፍ ዕዳ የሚሰረዝለት መጀመሪያ በግብር መዝገብ ስሙ ያለ ሰው ነው። የንግድ ፈቃድ የሌላት ጉሊት ቸርቻሪ የሚሰረዝላት ዕዳ የለም። ከዕዳ ነፃ ነበረች፤ ስለዚህም ከምሕረቱ ምንም አልደረሳት።

ሁለተኛ፣ የባንክ ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር እንዲቀርብ አደረገ። ዓላማው ባንኮቹ ለተቸገሩ ደንበኞቻቸው የዕዳ መክፈያ ጊዜ እንዲያራዝሙ፣ ተጨማሪ ብድርም እንዲሰጡ ነው። ይህም መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚደርሰው ቀድሞ ከባንክ ለተበደረ ወይም መያዣ ላለው ነው። የኛ ሰፈር ሰው የሚበደረው ከዕቁብ፣ ከጎረቤትና ከባለ ሱቁ የዱቤ ደብተር ነው። የዱቤ ደብተሩን ማን ያራዝም? ባለ ሱቁ ራሱ በአቅሙ አራዘመ፤ ምስጋናም ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ የሥራና የቤት ጉዳይ ነው። በአዋጁ ዘመን ሠራተኛ ማባረር፣ ተከራይ ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ተከልክሎ ነበር። ይህ ክልከላ ብዙ ሰው ከመንገድ አዳሪነት እንዳዳነ አንክድም። ኪራይ የቀነሱ፣ ጭራሹንም የተዉ አከራዮች በየከተማው ነበሩ፤ በኛም ሰፈር አሉ፤ ስማቸው እንዲጠራ ስላልፈለጉ አንጠራውም። ይሁን እንጂ አንዲት እኅታችን የሆነችውን ስሙ። በአንድ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበረች። «ቤቱ እስኪከፈት እቤትሽ ቆዪ፤ እንጠራሻለን» አሏት። አላባረሯትም፤ ግን ደመወዝ የለም። ክልከላውን ሰምታ አቤት ልትል ስታስብ በእጇ የሥራ ውል የለም፣ የጡረታ ቁጥር የለም፣ የደመወዝ ፊርማ የለም። እዚያ ቤት ሦስት ዓመት ለመሥራቷ ምስክሯ የለበሰችው ሽርጥ ብቻ ነበር። ሕጉ አላት፤ ማስረጃው ግን የላትም።

አራተኛ፣ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት የሚባለው በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረ ሥራ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እናቶቻችን መንገድ ሲጠርጉ፣ ችግኝ ሲተክሉ የምታዩት በዚሁ ነው። ከክፍያቸውም ከመቶ ሃያው በስማቸው ይቆጠብላቸዋል። በሽታው ሲመጣ እነዚህ ሰዎች ሥራ ሳይገቡ የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ እንዲያገኙ፣ ከተቸገሩም ከቁጠባቸው ግማሹን እንዲያወጡ ተደረገ። ከአራቱ ሁሉ ለድሃው በቀጥታ የደረሰው ይኸኛው ነው። ለምን ደረሰ? ስማቸው ቀድሞ ስለ ተጻፈና የባንክ ደብተር በእጃቸው ስለ ነበረ ነው። በዝርዝሩ ያልነበረችው ጎረቤታቸው ግን፣ ችግሯ ከእነሱ ባይተናነስም፣ ድርሻዋ ከወረዳው የምግብ ባንክ የሚወጣው ዱቄትና ዘይት ሆነ። ያንንም ያዋጣው ያው ሕዝቡ ነው።

የሌላ አገር ነገር ጥቂት ብናነሣ ጉዳዩን ያብራራልናል። በአሜሪካ መጋቢት 18 ቀን 2012 ዓ.ም. በጸደቀ ሕግ የዓመት ገቢው ከ75,000 ዶላር ላልበለጠ ሰው 1,200 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ትንሽ ልጅ ደግሞ 500 ዶላር ተሰጠ። ለትናንሽ ድርጅቶችም አብዛኛውን ለደመወዝ ካዋሉት የማይመለስ ብድር ተፈቀደ። እዚያ ያሉ ልጆቻችን በዚያ ወራት የላኩልን ገንዘብ ከየት እንደ መጣ ከመካከላችን የሚያውቅ አለ። ገንዘቡ ሰዎቹን ያገኛቸው ግብር ሲያሳውቁ በሰጡት የባንክ ቁጥር ነው። የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር የሌለው ስደተኛ ግን እዚያም ቢሆን አልደረሰውም።

«አሜሪካ ሀብታም ናት፤ ከኛ ጋር ምን ያገናኛታል?» ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ቶጎን እንይ። ቶጎ ትንሽና ድሃ የምዕራብ አፍሪካ አገር ናት። እኛ አዋጅ ባወጅንበት ቀን፣ መጋቢት 30፣ ኖቪሲ የሚባል እርዳታ ጀመረች። ገንዘቡ የሚላከው በእጅ ስልክ ነው። ለሴት በወር 12,250 ፍራንክ፣ ለወንድ 10,500 ፍራንክ ነበር። ለሴቷ የተጨመረው የቤቱን ጓዳ የምትይዘው እሷ ናት ተብሎ ነው። በዋና ከተማዋ በሎሜ ማን እንደሚገባው የታወቀው ደግሞ ከመራጮች መዝገብ ነው። በመዝገቡ ላይ ከስሙ አጠገብ «ሥራ» የሚል ስለ ነበረ ጸጉር ሠሪዋ፣ ባለ ሞተሩ፣ ልብስ ሰፊው ተለይተው ተገኙ። ለሌላ ጉዳይ የተጻፈች አንዲት ቃል በክፉ ቀን እንጀራ ሆነች። እኛ ከዚህ የተማርነው ይህን ነው።

እንግዲህ ነገሩን ስንጠቀልለው እፎይታ መንገድ ይፈልጋል። የግብሩ በግብር መዝገብ፣ የባንኩ በብድር ውል፣ የሥራው በቅጥር ወረቀት፣ የሴፍቲኔቱ በስም ዝርዝር ሄደ። መንገድ የሌለው ቤት ጋ ግን አልደረሰም። የሰፈራችን አብዛኛው ሰው ደግሞ እዚያ ቤት ነው ያለው።

እዚህ ላይ የብዙዎቻችሁን ሥጋት እናውቃለን። «ከተመዘገብን ግብር ይመጣብናል» ትላላችሁ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ፈቃድ ማውጣት ወጪም አለው፣ የየራሳችሁም ውሳኔ ነው። ግብር የማያስከትሉ ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው የፋይዳ መታወቂያ ነው፤ ምዝገባው በነፃ ነው። ሁለተኛው በራስ ስም የተከፈተ የባንክ ደብተር ወይም የስልክ ገንዘብ ነው፤ በባል ወይም በልጅ ስም ያለው በችግር ቀን ያጨቃጭቃል። ሦስተኛው ተቀጥሮ ለሚሠራ ሁሉ የጽሑፍ ውል ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ መሆኑንም ጠይቁ። እነዚህ ወረቀቶች እርዳታ ያመጣሉ ብለን ቃል አንገባም። እርዳታ ሲመጣ ግን በር ላይ የሚያስቆሙት የነዚህ አለመኖር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። መንግሥት የማያውቀውን ሰው የሚያውቅ ማን ነው? እድር ነው። ማን አልጋ ላይ እንዳለ፣ የማን ምድጃ እንደ ቀዘቀዘ፣ የማን ልጅ ከሥራ እንደ ወጣ እድር ያውቃል። ነገር ግን መተዳደሪያ ደንባችን ገንዘብ የሚወጣው ለሞት ነው ይላል። ሦስት ወር ያልከፈለም ይሰረዛል ይላል። በ2012 ኮሚቴው በራሱ ውሳኔ ቅጣቱን አግዶ ማንም ሳይሰረዝ ታለፈ። ይህ ግን በሰዎቹ በጎነት የሆነ እንጂ በደንብ የተጻፈ አይደለም። የሚመጣው ኮሚቴ ሌላ ቢያስብስ?

ስለዚህ ለመጪው ወር ስብሰባ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

1ኛ. በአባላት መዝገብ ላይ ከስም አጠገብ «የሚተዳደርበት ሥራ» እና «የቤተሰብ ብዛት» የሚል እንዲጨመር። መዝገቡ በእድሩ እጅ ይቆያል፤ ያለ አባሉ ፈቃድ ለማንም አይሰጥም። ወረዳው «የተቸገረ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን በአንድ ቀን ዝርዝር ለማቅረብ እንችላለን።

2ኛ. ከወር መዋጮ ላይ 10 ብር ተጨምሮ ለብቻው የሚቀመጥ የክፉ ቀን ሣጥን እንዲቋቋም። ገቢው በአዋጅ፣ በበሽታ ወይም በእሳት ቃጠሎ ለተቋረጠበት አባል ይከፈላል።

3ኛ. መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ባወጀ ጊዜ ባለመክፈል ምክንያት አባል እንዳይሰረዝ በደንቡ እንዲጻፍ።

ሁለተኛውን ሐሳብ ከሽማግሌዎቻችን አንዳንዶቹ አልወደዱትም። «የሬሳን ገንዘብ ቋሚ ከበላው፣ ሞት በብዛት ሲመጣ በምን እንቀብራለን?» ብለዋል። አባቶቻችን እውነት አላቸው። ወረርሽኝ ሁለቱንም ይዞ ይመጣል፤ ሞቱንም ረሀቡንም። ስለዚህ ነው ሣጥኑ ለብቻው ይሁን ያልነው። የቀብሩ ገንዘብ እንዳለ ይቆያል፤ አይነካም። በሌላ በኩል ደግሞ አባሉ በቁሙ ሲቸገር ዞር ብሎ ያላየው እድር፣ ሲሞት ድንኳን ቢተክልለት ምን ይባላል? 10 ብር የምትከብደው ሰው በመካከላችን እንዳለም አልረሳንም። ለእነሱ ነፃ ይሁን የሚል ሐሳብ ካለ በስብሰባው ይቅረብ፤ እኛም እንደግፈዋለን።

በመጨረሻም፣ ይህን በሰሌዳው ላይ ያነበበ ላላነበበው ይንገር። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ልጆች ያንብቡላቸው። ሐሳቡን የምትቃወሙም ኑ፤ ተቃውሞአችሁ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ቀርቶ ቤት ሆኖ ማማት ግን ለማንም አይጠቅምም። ስብሰባው እንደ ተለመደው በወሩ መጨረሻ እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በድንኳናችን ውስጥ ይሆናል። የፋይዳ መታወቂያ ያላወጣችሁ ከዚያ በፊት ብታወጡና ቁጥሩን ይዛችሁ ብትመጡ መዝገቡን በዚያው ቀን እንጀምራለን።

ክፉውን ቀን ያርቅልን፤ ከመጣም ተያይዘን ያግኘን።

የእድሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው