የራስ መኰንን ልቅሶና ያልታወጀው የዐፄ ምኒልክ ዕረፍት



አባታችን ያዕቆብ ባረፈ ጊዜ የግብፅ ሰዎች 70 ቀን እንዳለቀሱለት በኦሪት ተጽፏል። ንጉሥ ዳዊትም የአበኔርን ቃሬዛ ተከትሎ ሄዶ አልቅሷል። እንግዲህ ለታላቅ ሰው በአደባባይ ማልቀስ በሀገራችን የተጀመረ ነገር አይደለም፤ የሀገራችን ሰው ግን የራሱን ሥርዐት ጨመረበት።

ነጋሪት ተጐስሞ ዕረፍቱ ሲታወጅ ሕዝቡ ወደ ልቅሶው ሜዳ ይወጣ ነበር። የሟቹ ፈረስና በቅሎ ከነጌጣቸው፥ ጋሻው፥ ጦሩና ለምዱ በሰልፍ ያልፉ ነበር። ተቀማጭ የሌለበት ኮርቻ ሲታይ ያን ጊዜ ልቅሶው ይበረታ ነበር። አልቃሿም የዋለበትን ጦርነት፥ ያበላውንና ያለበሰውን እየቈጠረች ሙሾ ታወርድ ነበር፤ የብዙ መኳንንት ታሪክ ከብራና በፊት በእርስዋ አፍ ተጠብቆ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ፊት መንጨትን ትነቅፋለች እንጂ እንባን አትከለክልም። የእርስዋ ሥራ ግንዘቱና ፍትሐቱ፥ ሰልስቱ፥ አርባውና ሙት ዓመቱ ነው። (ለተዝካር ተብሎ ዕዳ መግባት ግን ከሥርዐቱ የመጣ አይደለም፤ ከይሉኝታ ነው።)

ራስ መኰንን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ሐረርን ገዝተዋል፤ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ዘምተዋል። በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በመንገድ ታመው ወደ ቁልቢ ተመለሱና በዚያው በመጋቢት ወር ዐረፉ። አስከሬናቸውም በሐረር ቅዱስ ሚካኤል ተቀበረ። ከዙፋኑ ወራሾች አንዱ ይሆናሉ ተብለው ይታሰቡ ነበርና ዐፄ ምኒልክ እጅግ አዘኑ፤ በአዲስ አበባም ልቅሶ ሆነ።

የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው። ለራሳቸው ለዐፄ ምኒልክ እንዲህ ያለ ልቅሶ አልተደረገላቸውም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ መኳንንቱ ሁከት ይነሣል ብለው ስለ ፈሩ ነገሩን ሸሸጉት። ነጋሪት አልተመታም፥ ፈረሳቸውም በልቅሶ ሜዳ አልተሳበም። ሀገር ያወቀውን ሀገር እንዳላወቀ ሆኖ መኖር ከባድ ነው፤ እንባ በጊዜው ካልፈሰሰ ሐሜት ይሆናልና። በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በታዕካ ነገሥት በዓታ መቃብር ዐፅማቸው ክብሩን አገኘ።

ራስ መኰንን ሲያርፉ የ13 ዓመት ልጅ የነበሩት ተፈሪ፥ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት፥ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ሞቱ። ለእርሳቸውም ልቅሶ አልታወጀም። ዐፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ከግቢው ምድር ወጥቶ በዚያው በበዓታ፥ በምኒልክ አጠገብ፥ ብዙ ዓመት ቈየ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ካህናት ፍትሐት አድርሰው በቅድስት ሥላሴ ቀበሯቸው። መንግሥት ሥርዐቱን የመንግሥት ቀብር አላለውም፤ ነገር ግን አርበኞች የዘመቻ ልብሳቸውን ለብሰው መጥተው ነበር።