ቅጂ ቤዝ ጊታሮችን ስለ መለየትና ዘመናቸውን ስለ ማወቅ

ቂሊንጦ ላይ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ቂሊንጦ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ትገኛለች። አካባቢው የጅቡቲ ባቡር ያለፈበት፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተተከሉበት፣ የቃሊቲ ጉምሩክም ያለበት ነው። በመሆኑም አንድ ዕቃ ከባሕር ማዶ ሲገባ ምን ወረቀት እንደሚከተለው፣ አንድ ሞተር ሲፈታም ዕድሜውና አገሩ ከምን ከምኑ እንደሚታወቅ በዚህ ሠፈር ለሚውል የእጅ ባለሙያ እንግዳ ነገር አይደለም። የዚህ ንግግር ዓላማም ይህንኑ የብረት ሠራተኛ ዓይን ወደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ይኸውም ወደ አሮጌው የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር መመለስ ነው።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። አንድ ሰው ከአባቱ ወይም ከቀድሞ የባንድ ባልደረባው የተረከበውን ቤዝ ጊታር ይዞ ወደ ጠጋኝ ይመጣና «ይህ ዋናው ነው ወይስ ቅጂ? መቼስ ተሠራ?» ብሎ ይጠይቃል። ጠጋኙ በመሣሪያው ራስ ላይ ያለውን ስም ብቻ አይቶ ባፋጣኝ ቢመልስ ከሁለት ጥፋቶች አንዱ ይደርሳል። ወይ ቅጂው በዋናው ዋጋ ተሽጦ ገዢው ይጎዳል፤ ወይም «ቅጂ ነው፣ ዋጋ የለውም» ተብሎ መሣሪያው ይፋቅና ዳግም ይቀባል፣ ዕቃዎቹም ለሌላ መሣሪያ መለዋወጫ ይሆናሉ። ሁለተኛው ጥፋት ከመጀመሪያው ይከፋል። ገንዘብ ሊመለስ ይችላል፤ የተፋቀ ማስረጃ ግን አይመለስም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አስቀድሞ ስለ ዋናዎቹ መናገር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ ያወጣው በ1951 ነው። በ1957 መሣሪያው ተሻሽሎ ድምፅ መሳቢያው፣ ማለት ፒክአፑ፣ ለሁለት የተከፈለ ሆነ። ጃዝ ቤዝ የተባለው ሁለተኛው ዓይነት በ1960 ተከተለ። በጀርመን አገር ሆፍነር የቫዮሊን ቅርጽ ያለውን ቤዝ በ1956 ለገበያ አቀረበ። ሪከንባከር 4001 የተባለውን፣ ጊብሰንም ኢቢ 3 የተባለውን በ1961 አወጡ። ሌሎች ፋብሪካዎች ሲቀዱ የኖሩት በአብዛኛው እነዚህን ጥቂት ናሙናዎች ነው።

በ1960ዎቹ ቴስኮና ጉያቶንን የመሳሰሉ የጃፓን ፋብሪካዎች የየራሳቸው መልክ ያላቸው ርካሽ ጊታሮች ይሠሩ ነበር። ከ1970 አካባቢ ጀምሮ ግን የታወቀውን ናሙና ከራስ እስከ ግርጌ ተከትሎ መሥራት ተስፋፋ። በማትሱሞቶ ከተማ ፉጂገን ለአይባኔዝና ለግሬኮ፣ ማትሱሞኩ ደግሞ ለአሪያ ይሠሩ ነበር፤ በሃማማትሱም ቶካይ ነበረ። እዚህ ላይ አንድ ትምህርት ይገኛል። በመሣሪያው ራስ ላይ የሚነበበው ስም የሻጩ እንጂ የሠሪው ላይሆን ይችላል፤ አንድ ፋብሪካ ለብዙ ስሞች ይሠራ ነበርና።

በዚህ ረገድ አዘውትሮ የሚነሣ ስሕተት አለ። ነጋዴዎች ማንኛውንም የ1970ዎቹ የጃፓን ቅጂ «የክሱ ዘመን» ይሉታል። ክሱ በእርግጥ ነበር። የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን በ1977 የአይባኔዝ የአሜሪካ አከፋፋይ በሆነው በኤልገር ላይ መሠረተው፤ በ1978ም በስምምነት አለቀ። ነገር ግን የክሱ ጭብጥ የጊታሩ ራስ ቅርጽ ሲሆን፣ የከሰሰውም የጊብሰን ወገን ነው። ስለዚህ የፌንደርን መልክ የያዘ ቤዝ ጊታር «የክሱ ዘመን» ቢባል ስሙ ዋጋ ከማናር በቀር ስለ መሣሪያው የሚያስረዳው ነገር የለም። እንዲያውም ፌንደር ራሱ በ1982 ፌንደር ጃፓንን ከሁለት የጃፓን ኩባንያዎች ጋር አቋቁሞ ሥራውን ለፉጂገን ሰጠ። ትናንት ቅጂ ሲያወጣ የነበረ ፋብሪካ በማግሥቱ በዋናው ስም የሚሠራ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ቅጂንና ሐሰተኛን መለየት ግድ ይላል። የራሱን ስም ይዞ የሌላውን መልክ የተከተለ መሣሪያ ቅጂ ነው። የሌላውን ስም ለጥፎ የቀረበው ግን ሐሰተኛ ነው። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው ፋብሪካው ሳይሆን በኋላ የመጣ እጅ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ከገበያ ያለፈ ትርጉም አለው። አምኃ ሪከርድስ በ1969 ከተመሠረተ ወዲህ የወጡት ሸክላዎች፣ ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው «ኧረ መላ መላ»፣ በ1977 የወጣው የዋሊያስ ባንድ «ቼ በለው» ሁሉም የቤዝ ጊታር ድምፅ ጎልቶ የሚሰማባቸው ናቸው። ጆቫኒ ሪኮ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወተውን ቤዝ የማያስታውስ የዘመኑ አድማጭ ጥቂት ነው። ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ አልበም ይህን ዘመን ለዓለም ካሰማ ወዲህ፣ ድምፁ በምን መሣሪያ እንደተፈጠረ የሚጠይቁ በርክተዋል። መልሱን ከሸክላው ብቻ መፈለግ አይቻልም። ክሩ፣ ማጉያው፣ የተጫዋቹ ጣትና የቀረጻው ቴፕ ሁሉ በድምፁ ውስጥ አሉና። ማስረጃው ከመሣሪያው አካል ላይ ነው የሚገኘው። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊ ምክንያት በየሆቴሉ እስኪነጋ ሲጫወትበት ያደረ ቤዝ ጊታር፣ በወላለቀው ብሎንና በተቃጠለው ቮሊዩም ፈንታ የተገኘው ሁሉ እየተገጠመለት የኖረ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ዋና ሆነም ቅጂ የአገሪቱ የሙዚቃ ታሪክ ምስክር መሆኑ አይቀርም።

አሁን ወደ አመረማመሩ እንለፍ።

በመጀመሪያ፣ ስምን መጨረሻ ማንበብ ይገባል። የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በብራናው ላይ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ብዙ ነው። ስለዚህ መርማሪው ዘመኑን የሚወስነው በስሙ ብቻ ሳይሆን በፊደሉ አጣጣል፣ በቀለሙና በድጉሱ ጭምር ነው። በቤዝ ጊታር ራስ ላይ የሚለጠፈው ስምም እንዲሁ ነው። በቀላሉ ይነሣል፣ በቀላሉም ይለጠፋል። ከሥሩ የሌላ ጽሑፍ ጥላ መኖሩንና ቬርኒሹ ከስሙ በላይ ይሁን ከበታች በጎን ብርሃን ማየት ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ ቅጂ ከናሙናው አይቀድምም። ይህ ሕግ ሁልጊዜ የሚሠራ ነው። ጃዝ ቤዝ በአንገቱ ላይ አራት ማዕዘን ጌጥና ጠርዙን የሚከብ ነጭ መስመር ያገኘው በ1966 ነው። ስለዚህ ይህን የያዘ ቅጂ ከ1966 በፊት ሊሠራ አይችልም። በ1960ዎቹ የጃዝ ቤዝ ሁለት ፒክአፖች ከመካከል እስከ መካከል ያላቸው ርቀት 91 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 101 ሚሊ ሜትር ሰፋ። አንገቱን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት አራት ብሎኖችም በ1970ዎቹ አጋማሽ ሦስት ሆኑ። በካሊፐር የሚለካ አንድ ሴንቲ ሜትር እንግዲህ የዐሥር ዓመት ልዩነት ያሳያል። ሆኖም ሕጉ የሚሰጠው የታችኛውን ወሰን ብቻ ነው። በ1982 የተሠራ የጃፓን መሣሪያ የ1962ን መልክ ሊይዝ ይችላልና።

ሦስተኛ፣ ተከታታይ ቁጥር ቋንቋው ሲታወቅ ብቻ ይናገራል። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ በአይባኔዝ ላይ የሚገኘው ቁጥር በአንድ የላቲን ፊደል ይጀምራል፤ ፊደሉ ከ«ኤ» እስከ «ኤል» ድረስ ወሩን፣ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አኃዞች ዓመቱን ያመለክታሉ። ፊደሉ «ኤች»፣ አኃዙ 76 ቢሆን ነሐሴ ወር 1976 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ 1968 ዓ.ም. ማለት ነው። «ጄ ቪ» ብሎ የሚጀምር ቁጥር የፌንደር ጃፓን የመጀመሪያ ዓመታት፣ ከ1982 እስከ 1984 ያሉት ምልክት ነው። ከዚያ ቀደም ባሉት ቅጂዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቁጥር የለም፤ ቢኖርም ዓመትን ላያመለክት ይችላል። የአንዱን ፋብሪካ መፍቻ ለሌላው ቁጥር መጠቀም ከመገመት አይሻልም።

አራተኛ፣ እንጨቱን መመልከት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተሠሩት ርካሽ የጃፓን ቅጂዎች ብዙዎቹ አካላቸው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ከፊትና ከኋላ በስስ እንጨት ስለሚሸፈኑ ከላይ ሲታዩ ጥሩ ጣውላ ይመስላሉ። አንገቱ ሲነቀል ወይም የፒክአፑ ጉድጓድ ሲከፈት ግን ንብርብሩ ይታያል። ፌንደር በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ወፍራሙ የፖሊስተር ልባስ ከመሸጋገሩ በፊት የሚቀባው ናይትሮሴሉሎስ በዕድሜ ብዛት ይበልጥ ቢጫ ይሆናል፣ እንደ ደረቀ ጭቃም በቀጭኑ ይሰነጣጠቃል።

አምስተኛ፣ የኤሌክትሪክ ክፍሉ ነው። በአሜሪካ በተሠሩ ቮሊዩሞች ጀርባ ላይ የታተመ ቁጥር ይገኛል። 137 ሲቲኤስን፣ 304 ስታክፖልን ያመለክታል፤ ቀጥሎ ዓመቱና ሳምንቱ ይመጣል። 304 6612 ማለት ስታክፖል በ1966 በ12ኛው ሳምንት የሠራው ማለት ነው። ይህም ቢሆን ቮሊዩሙ የተሠራበትን ቀን እንጂ ጊታሩ የተገጣጠመበትን አይናገርም። ፌንደር በ1966 ብዙ ቮሊዩም ገዝቶ ለዓመታት ሲጠቀምበት ቆይቷል። ከዚህም ሌላ የብየዳው መልክ መታየት አለበት፤ ዳግም የተበየደ ከሆነ ቮሊዩሙ ከሌላ መሣሪያ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ስድስተኛ፣ ወረቀትና የባለቤቱ ቃል ናቸው። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ጠጋኝ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ባለቤቱ «በ68 የተገዛ ነው» ቢል 1968 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ ይህም በአውሮፓ ከመስከረም 1975 እስከ መስከረም 1976 ያለው ጊዜ ነው። የውጭ አገር ገዢ ይህን ቃል እንዳለ ቢወስድ መሣሪያውን ወደ ስምንት ዓመት ያስረጀዋል፤ ዋጋውም በዚያው መጠን ይዛባል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮንም ቢገኝ የሚያስረዳው ዕቃው ወደ አገር የገባበትን ቀን ነው። መሣሪያው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የቴአትር ቤት ንብረት ከነበረ፣ ከጀርባው በቀለም የተጻፈ የንብረት ቁጥር ሊገኝበት ይችላል። ያ ቁጥር ለዓይን ባያምርም ከብዙ ምስክር ቃል ይበልጣል።

እነዚህ ስድስቱ በአንድነት ሲመዘኑ ምን እንደሚሰጡ በምሳሌ ማየት ይቻላል። የጃዝ ቤዝ መልክ ያለው፣ ስሙ የተፋቀ፣ ቁጥር የሌለው ቤዝ ጊታር ቀረበ እንበል። ፒክአፖቹ 101 ሚሊ ሜትር ተራርቀዋል፤ አካሉ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ባለቤቱም መሣሪያውን ይዞ በ1970 ዓ.ም. የተነሣው ፎቶግራፍ አለው። ፒክአፖቹ የታችኛውን ወሰን፣ ፎቶግራፉ የላይኛውን ይሰጣሉ። ተገቢው መልስ «ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1978 ባለው ጊዜ የተሠራ ቅጂ፣ ሥራው የጃፓን ሳይሆን አይቀርም» የሚል ነው። አንድ ዓመት ቆርጦ መናገር ዕውቀት ያስመስል ይሆናል እንጂ ዕውቀት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው የጠጋኙ ኃላፊነት ነው። ብዙ ጊዜ ተጠግኖ የኖረ መሣሪያ አንድ ሳይሆን ብዙ ቀኖች አሉት፤ የአካሉ፣ የአንገቱ፣ የቮሊዩሙና የቀለሙ ቀን ለየብቻ ሊመዘገብ ይገባል። ስለዚህ በየጥገና ቤቱ ይህ ልማድ ቢጸና መልካም ነው። መሣሪያው ሳይፈታ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በካሊፐር የተለካው በሚሊ ሜትር ይጻፍ፤ ዓመት ሲጠቀስ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ። የተነቀለ ዕቃ ቢበላሽም በፖስታ ታሽጎ ለባለቤቱ ይመለስ። ባለቤቱ ዳግም እንዲቀባለት ቢሻም፣ ብርጭቆ ወረቀት ከመነካቱ በፊት የሚጠፋው ማስረጃ ምን እንደሆነ ይነገረው። እንጨትንና ብረትን በጥልቀት መመርመር ሲያስፈልግ ደግሞ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ቂሊንጦ ስለሚገኝ፣ የማኅበሩ አባላት በልኬትና በቁሳቁስ ጥናት የሠለጠኑ ምሁራንን ቢያማክሩ መንገዱ ሩቅ አይደለም።

በየቤቱ አልጋ ሥርና በየቁም ሣጥኑ ላይ የተቀመጡት አሮጌ ቤዝ ጊታሮች ገና አልተቆጠሩም። አብዛኞቹ ቅጂዎች መሆናቸው አይቀርም፤ ይህ ግን አያሳፍራቸውም። የዘመኑን ሙዚቃ የተሸከሙት እነርሱም ናቸው። የተጫወቱባቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ ተጠይቀው፣ መሣሪያዎቹም ሳይፋቁ ተመርምረው ቢመዘገቡ፣ ለተከታዩ ትውልድ ጠጋኝና ሙዚቀኛ የሚቀር ሰነድ ይሆናል። ሥራው ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ካሊፐር፣ ካቻቪቴ፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቁታል።