ምሰሶ፣ ማዕዘንና ብቸኛው መቺ፤ ስለ ሀዜም ኤል ማስሪ የጨዋታ ዘመን



ራግቢ ሊግ በአገራችን እምብዛም የሚታወቅ ጨዋታ አይደለም። በ1895 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን እንግሊዝ የተጀመረ ሲሆን፣ እጅግ የሚወደድበት አንዱ አገር ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው። በየወገኑ አሥራ ሦስት ሰዎች ተሰልፈው ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዘው ይሮጣሉ። ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ወዲያ መሬት ያስነካ ቡድን 4 ነጥብ ያገኛል፤ ይህም ትራይ ይባላል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ብቻውን ወጥቶ፣ ኳሱን መሬት ላይ አቁሞ፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ ለማሳለፍ ይመታል። ከተሳካለት 2 ነጥብ ይጨመራል። የእግር ኳስ ወዳጅ ፍጹም ቅጣት ምትን ያስታውስ ይሆናል፤ ሆኖም እዚህ ግብ ጠባቂ የለም፣ ስለዚህም ኳሱ ሲስት ከመቺው በቀር የሚወቀስ አይገኝም።

መሐንዲስን የሚስበው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ምቱ ትራዩ ከተቆጠረበት ቦታ ትይዩ መሆን ስላለበት፣ መቺው ወደ ኋላ ሊርቅ ወይም ሊቀርብ ይችላል እንጂ ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት አይፈቀድለትም። ምሰሶዎቹ የሚራራቁት 5.5 ሜትር ነው። ከመካከላቸው ፊት ለፊት 20 ሜትር ርቆ የቆመ መቺ ወደ 16 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን ያገኛል። ትራዩ ከሜዳው አጋማሽ 32 ሜትር ያህል ወደ ዳር ርቆ የተቆጠረ እንደሆነ ግን፣ የትም ቢቆም 5 ዲግሪ አይሞላለትም። ለዚያም ቢሆን 32 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ማፈግፈግ አለበት፤ ያን ጊዜ ኳሱ 45 ሜትር ያህል ይጓዛል። ቀረብ ቢል ማዕዘኑ ይጠባል፣ ራቅ ቢል ጉልበት ይጠይቃል። ነፋሱና የደከመው እግር ደግሞ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገቡም።

ሀዜም ኤል ማስሪ በ1976 በሊባኖስ በትሪፖሊ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ወደ ሲድኒ ሲሰደድ ገና ልጅ ነበር፤ የሚያውቀውም እግር ኳስን እንጂ ራግቢን አልነበረም። ያም ሆኖ በ1996 ለካንተርበሪ ቡልዶግስ መሰለፍ ጀመረ። የቡድኑ ስመ ጥር መቺ የኒውዚላንዱ ተወላጅ ዳሪል ሃሊጋን በ2000 ሲሰናበት፣ ምቱ የእርሱ ኃላፊነት ሆነ።

በ2002 ቡድኑ የተጫዋቾችን የደመወዝ ጣሪያ ደንብ ጥሶ በመገኘቱ፣ ከሊጉ ሠንጠረዥ 37 ነጥብ ተቀነሰበትና ከአናት ወደ ግርጌ ወረደ። ሳምንት ለሳምንት ሁለት ሁለት እየተለቀመ ያሸነፈው ሁሉ በጽሕፈት ቤት ውሳኔ ተፋቀ። መቺው በሜዳ ላይ ምንም ያላጎደለ ሰው እንደ መሆኑ፣ ቅጣቱ ይበልጥ የሚመረው ለእርሱ ሳይሆን አይቀርም። ኤል ማስሪ ግን ክለቡን አልለወጠም። በ2004 በ16 ትራይና በ139 የተሳካ ምት 342 ነጥብ አስቆጠረ፤ ከዚያ በፊት በአንድ የውድድር ዘመን ማንም ያልደረሰበት ቁጥር ነበር። በዚያው ዓመት ቡድኑ ሲድኒ ሩስተርስን 16 ለ13 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው በ2002 አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለችሎታው የሚመጥን አይመስልም። በ2009 ሲሰናበት 891 ምትና 159 ትራይ ነበረው። ሒሳብ ማረጋገጥ የሚወድ አባል ቢያባዛ፣ ከምቱ 1,782፣ ከትራዩ 636፣ በድምሩ 2,418 ነጥብ ያገኛል። ይህን ክብረ ወሰን የሜልበርኑ ካሜሮን ስሚዝ እስኪያልፈው ድረስ አሥር ዓመት ፈጅቷል፤ 2019 ነበር።