ስሙ የማን ነው? ተማሪ ስፖርተኞች፣ የስፖንሰር ውልና የዩኒቨርሲቲ ኃላፊነት



የዛሬው ንግግሬ ከአንድ ጥያቄ ይነሣል። አንድ ተማሪ በሩጫ ወይም በእግር ኳስ ስም ሲያተርፍ፣ በዚያ ስም የሚገኘው ገንዘብ የማን ነው? ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው አሶሳ ጥያቄው ገና ያልደረሰብን ሊመስል ይችላል። የእኔ አቋም ግን ሥርዓቱ መበጀት ያለበት ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ነው የሚል ነው።

ጥያቄው ጎልቶ የተነሣው በአሜሪካ ነው። በዚያ የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን የሚመራው ብሔራዊ ማኅበር ተማሪው በስሙና በመልኩ ገንዘብ እንዳያገኝ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ከልክሎ ኖሯል። የጨዋታው የቴሌቪዥን መብት በብዙ ገንዘብ ሲሸጥና ታዋቂ አሰልጣኞች ሚሊዮኖች ሲከፈላቸው፣ ለተጫዋቹ የተፈቀደው በዋናነት የነጻ ትምህርት ዕድል ነበር። ክልከላው የተነሣው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2021 ነው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። ሆኖም ለውጡ ሁሉንም እኩል አልጠቀመም፤ በተማሪ ቪዛ የሄዱ የውጭ አገር ስፖርተኞች የሥራ ፈቃዳቸው ጠባብ በመሆኑ በዕድሉ ለመጠቀም ተቸግረዋል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም ነው። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶን ባለድል ሆነ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ ቪብራም የተባለው ኩባንያ በባዶ እግር የመሮጥን ስሜት የሚሰጥ ጫማ ሠርቶ «ቢቂላ» የሚል ስም አወጣለት። ቤተሰቡ በ2015 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ፍርድ ቤቱ በ2016 ክሱን ውድቅ ያደረገው በዋናነት ቤተሰቡ ነገሩን ካወቀ በኋላ ዓመታት ዘግይቷል በማለት ነው። ከዚህ የምንማረው፣ መብት ያለው ሰው እንኳ በጊዜው ካልጠየቀ ሊያጣው እንደሚችል ነው።

የእኛ ሕግ በዚህ ረገድ ባዶ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ቀጣዩ አንቀጽ ለታወቁ ሰዎችና በአደባባይ ለሚፈጸሙ ድርጊቶች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። በእኔ አተያይ ይህ ልዩ ሁኔታ ውድድርን ለሚዘግብ ጋዜጠኛ የተተወ እንጂ፣ የሯጩን ምስል ለሸቀጥ ማሻሻጫ ለሚያውል ነጋዴ የተሰጠ ፈቃድ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። የሕግ ተማሪዎቻችን ይህን ልዩነት የምርምር ርእስ ቢያደርጉት መልካም ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገራችን ወጣቱን ስፖርተኛ በደመወዝ የሚይዙት በአብዛኛው እንደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ መቻልና ኢትዮ ኤሌክትሪክ ያሉ ክለቦች እንጂ ዩኒቨርሲቲዎች አይደሉም። ስለዚህ ተሰጥኦ ያለው ተማሪ ብዙ ጊዜ ከደብተሩና ከደመወዙ አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል። «ገንዘብ ተማሪውን ከትምህርቱ ያዘናጋዋል» የሚለውን ስጋት አልንቀውም። ነገር ግን ቤተሰቡ እጁን የሚጠብቅ ልጅ ያለ ገንዘብም ከክፍል ይወጣል። ከከተማችን ሆቴል ወይም ከአንድ ባንክ ቅርንጫፍ የሚገኝ መጠነኛ የማስታወቂያ ክፍያ እስከ ምረቃው ሊያቆየው ይችላል።

በዚህ መሠረት ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ደንብ ያውጣ። ዓርማውና መለያ ልብሱ የተቋሙ፣ ስሙና መልኩ የተማሪው መሆናቸው ይለይ። በቡድን ስም ከሚገኝ ስፖንሰር ለሴቶች ቡድንና እምብዛም ተመልካች ለሌላቸው የስፖርት ዓይነቶች ድርሻ ይመደብ፤ አለበለዚያ ገንዘቡ ሁሉ ወደ ጥቂት ታዋቂዎች ይፈስሳል።

ሁለተኛ፣ ማንም ተማሪ ሳይመከር አይፈርም። ውሉ የሚጸናበት ዘመን፣ ክፍያውና በጉዳት ጊዜ የሚሆነው ነገር ተለይቶ ይጻፍ፤ የፈተና ጊዜም ይከበር። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ልጅ ብቻውን ውል አይግባ። በዚህ ክልል በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ በየቋንቋቸው ይናገራሉ። ስለሆነም የውሉ ቃል ለተማሪውና ለወላጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ ይነገር። ያልገባንን ነገር ፈቀድን ማለት አይቻልምና።

ሦስተኛ፣ የማይፈቀደው ይታወቅ። የቁማር፣ የአልኮልና የትምባሆ ማስታወቂያ በተማሪ ደረት ላይ ቦታ ሊኖረው አይገባም።

ነገ ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ ስሙ በዓለም የሚጠራ ልጅ ይኖር ይሆናል። ያን ጊዜ ስሙ በጫማ ላይ ተጽፎ ሲሸጥ ዩኒቨርሲቲው ምን እንዳስተማረው ይጠየቃል። መልሳችን «እንዴት እንደሚሮጥ» ብቻ ከሆነ አንድ ነገር ጎድሏል፤ ከመፈረሙ በፊት እንዲያነብም ልናስተምረው ይገባን ነበር።