ስለ ባንክ ቅጣት ለአባላት የተደረገ ንግግር

(ባለፈው እሑድ በስብሰባችን ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ የተናገሩት፤ ላልተገኙ አባላት ሲባል ተለጥፏል።)



ዛሬ የማነሣው በሒሳባችን ካለው ገንዘብ በላይ ስናወጣ ባንክ ስለሚቆርጠው ቅጣት ነው። እዚህ አሜሪካ ኦቨርድራፍት ይሉታል።

ከራሴ ልጀምር። አንድ ዓርብ የደመወዝ ቼኬን ባንክ አስገባሁ። ገንዘቡ ገብቷል ብዬ በካርዴ ቡና ጠጣሁ፣ ቤንዚን ቀዳሁ፣ አስቤዛ ገዛሁ። ለካ ቼኩ ገና አልተጣራም ኖሯል! ባንኩ ሦስቱንም ከፍሎ ለእያንዳንዱ 35 ዶላር፣ በድምሩ 105 ዶላር ቆረጠብኝ። የ4 ዶላር ቡና በ39 ዶላር ጠጣሁ ማለት ነው። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔ ግን ዝም ብዬ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ተቀጣሁ።

ኋላ ሳጣራ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በሚሠራበት የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ ባለሒሳቡ አስቀድሞ ካልፈቀደ በቀር በካርድ ለሚደረግ የአንድ ጊዜ ግዢና ከማሽን ለሚወጣ ገንዘብ ባንክ ይህን ቅጣት ማስከፈል አይችልም። እኔ ሒሳብ ስከፍት ሳላነብ ፈርሜ ኖሯል። ደግነቱ ፈቃዱን በማናቸውም ጊዜ መሰረዝ ይቻላል።

ስለዚህ የሚከተለውን እንድታደርጉ አሳስባለሁ፦

1ኛ/ ባንክ ሄዳችሁ «ለካርዴ ኦቨርድራፍት ፈቅጃለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልፈለጋችሁ አሰርዙ። ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ከሌለ ካርዱ አይሠራም። ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ትንሽ ታፍሩ ይሆናል፤ ቅጣት ግን የለም።

2ኛ/ ቼክና እንደ ኢንሹራንስ ያለ በየወሩ በቀጥታ የሚቆረጥ ክፍያ በዚህ ደንብ አይሸፈንም። ለነሱ ቀን ቆጥራችሁ ገንዘብ አኑሩ።

3ኛ/ ከተቀጣችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ይመለስልኝ በሉ። ባንኩ ግዴታ የለበትም፤ ቢሆንም እኔ ሁለተኛውን ጊዜ ጠይቄ 35ቱ ዶላር ተመልሶልኛል።

4ኛ/ ባንኮች ሁሉ አንድ አይደሉም። በ2022 ሲቲባንክና ካፒታል ዋን ይህን ቅጣት ትተዋል፤ ባንክ ኦፍ አሜሪካ ከ35 ወደ 10 ዶላር አውርዷል። አወዳድሩ።

መንግሥት ያስተካክለዋል ብሎ መጠበቅም አያዋጣም። ትላልቅ ባንኮች ቅጣቱን ወደ 5 ዶላር እንዲያወርዱ የታሰበ ደንብ በ2024 መጨረሻ ወጥቶ ነበር፤ ሥራ ላይ ሳይውል በ2025 ተሻረ።

በመጨረሻም፣ የባንክ ወረቀት ያስቸገረው አባል እሑድ ከስብሰባ በኋላ ይዞልኝ ይምጣ። የኔም ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ልጆቻችን ያነቡልናል። የሚያሳፍረው አለማወቅ ሳይሆን ሳይጠይቁ መቀጣት ነው።