ስለ ክሊፐርተን ደሴት ፍርድ



ክሊፐርተን ከሜክሲኮ ጠረፍ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ፥ ቋሚ ነዋሪ የሌላት ትንሽ ደሴት ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 አንድ የፈረንሳይ የባሕር ኃይል መኰንን በአጠገቧ በመርከብ ሲያልፍ ደሴቲቱ የመንግሥቱ መሆንዋን አወጀ፤ አዋጁም በሆኖሉሉ ጋዜጣ ታትሞ ወጣ። በ1897 ደግሞ ሜክሲኮ የጦር መርከብ ልካ ሰንደቅ ዓላማዋን ተከለችባት። ሁለቱ መንግሥታት ጦር በመማዘዝ ፈንታ፥ በ1909 ተስማምተው ነገሩን ለኢጣሊያ ንጉሥ ለቪክቶር አማኑኤል 3ኛ ዳኝነት ሰጡ። ንጉሡም በ1931፥ ደሴቲቱ ባለቤት ባልነበራት ጊዜ የተነገረው አዋጅ ይበቃል ሲል ለፈረንሳይ ፈረደ።

ሜክሲኮ ብትረታም ፍርዱን ተቀብላ፥ በ1934 የደሴቲቱን ስም ከሕገ መንግሥቷ አወጣች።

ፈራጁስ? ባዶ ዐለት የማን እንደ ሆነ በሕግ የመዘነው ያው ንጉሥ፥ በ1936 ሠራዊቱ ሕዝብና ንጉሠ ነገሥት ያላትን ኢትዮጵያን ሲወር፥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ማዕርግ ለራሱ ተቀበለ።

እንግዲህ በመዝገብና በማኅተም መካከል የምትውሉ ወገኖቼ፥ ይህን ልብ እንበል። በሌላው ጉዳይ ላይ በቅን መፍረድ ቀላል ነው፤ ዳኛ የሚፈተነው የራሱ ጥቅም በሚዛኑ ላይ የወጣ ዕለት ነው።