ሁለት ቴምብሮችና አንድ ቀራጺ



የጅቡቲ ከተማ ስም ሲጠራ መርከብና ባቡር ይታሰባሉ። ነገር ግን ደብዳቤም አብሮ ሊታሰብ ይገባል፤ ከኢትዮጵያ ወደ ባሕር ማዶ ይላክ የነበረው ጽሑፍ ለብዙ ዘመን በዚህች ከተማ ፖስታ ቤት በኩል አልፏልና። የሁለቱንም አገር ታሪክ በትንሽ ወረቀት ላይ ያገናኘ አንድ የእጅ ባለሙያ አለ፤ እርሱም ፈረንሳዊው ሉዊ ኤውዤን ሙሾን ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሙሾን በ1843 በፓሪስ ተወልዶ በ1914 ዐረፈ። ሠዓሊ፣ የሜዳልያና የቴምብር ቀራጺ ነበረ። በ1876 የወጣውን፣ ዡል ኦጉስት ሳዥ የነደፈውን የፈረንሳይ ቴምብር የቀረጸው እርሱ ነው።

የዚህ ሙያ ሥራ ብርቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀራጺው ቀለም የሚይዘውን መስመር ከፍ ብሎ እንዲቀር ይተወዋል፤ ነጭ ሆኖ የሚታየውን ቦታ በስለት እየፈለፈለ ያወጣል። ፊቱንም ፊደሉንም ግራና ቀኙን አዛውሮ ይቀርጻል፤ በወረቀት ላይ ሲታተም ያን ጊዜ ይቀናል። ያለ ልክ የተቈረጠች አንዲት መስመር የሰውን መልክ ልታበላሽ ትችላለች።

በ1892 ሙሾን ለፈረንሳይ ቅኝ አገሮች መርከብንና ንግድን በሁለት ሰዎች ምስል የሚያሳይ አንድ ቴምብር ቀረጸ። ሥዕሉ ለሁሉም አንድ ሲሆን የሚለወጠው የአገሩ ስም ብቻ ነበረ። የኦቦክ ቴምብርም ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1894 ጅቡቲ የራሷ ቴምብር ሲያስፈልጋት በኦቦኩ ላይ ስሟ በሙሉ ወይም በአኅጽሮት ታተመበት።

በዚያው ዘመን ዐፄ ምኒልክ የፖስታ ሥራ በኢትዮጵያ እንዲቋቋም ፈቀዱ። ሰባቱን የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች የቀረጸው ይኸው ሙሾን ነው፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ይታያል። ጅቡቲ በተውሶ ሥዕል ላይ ስሟን ስታሳትም፣ ኢትዮጵያ የራሷን ንጉሥ መልክ ይዛ ወጣች።

ይሁን እንጂ የሥራው ማማር ብቻውን መንገድ አልከፈተለትም። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል ስላልነበረች፣ በበቅሎና በግመል ወደ ሐረር፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ የወረደው ደብዳቤ የሶማሌ ጠረፍ ቴምብር ካልተጨመረበት ባሕሩን ሊሻገር አይችልም ነበር። የምኒልክ መልክ የሚያበቃው እስከ ወደቡ ድረስ ነው። በ1901 «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በቴምብሩ ላይ ታተመ፤ ነገር ግን ችግሩን የፈታው ስም መጨመሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1908 ኢትዮጵያ በማኅበሩ ስትገባ ግን ቴምብሯ በራሱ ለባሕር ማዶ በቃ።

እንግዲህ መምህር አሮጌ ቴምብር ለተማሪዎቹ ሲያሳይ ስለ ሥዕሉ ውበት ብቻ አይንገራቸው። ቀራጺው ለአገር መልክ መስጠት ይችላል፤ ያ መልክ በሌሎች ዘንድ እንዲከበር የሚያደርገው ግን የሕዝብና የመንግሥት ጥረት ነው። ይህንን የሚያስረዳ ምስክር ከአውራ ጣት ብዙ በማይበልጥ ወረቀት ላይ ይገኛል።